የማትቃና ጣት

ክፍሉን መጀመሪያ ያወቅሁት በዓይኔ ሳይሆን በእግሬ ነው። ጫማችንን በር ላይ አስወልቀውን ነበር። የብረቱ በር ከኋላዬ ሲዘጋ፣ ዓይኔ የውጪውን ፀሐይ ገና ሳይረሳ፣ የወለሉ ቅዝቃዜ ከውስጥ እግሬ ተነሥቶ እስከ ጉልበቴ ወጣ። የሪያድ የፋብሪካ ሰፈር በሆነው ሰናኢያ ውስጥ በፕላስቲክ ፋብሪካ ሙቀት ዓመታት ለቆየ ሰው ቀዝቃዛ ወለል ጸጋ ነው። ታስሬያለሁ ብዬ ከመደንገጤ በፊት "እፎይ" አልኩ። ይህን ስናገር ሰዎች ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን እውነት ነው።

የያዙን ዓርብ ቀን፣ ልብስ በምናጥብበት ሰዓት ነው። ፖሊሶች ወደ መኝታ ግቢያችን ሲገቡ ግማሻችን እርጥብ ሸሚዝ በእጃችን ነበርና እንደያዝነው መኪና ላይ ወጣን። እስር ቤት ገብተን የሠራነው የመጀመሪያ ሥራ ያንን ልብስ ጨምቀን ከጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ መስኮት ብረት ላይ ማስጣት ሆነ። ሸሚዞቹ ከደረቁ በኋላም ያወረዳቸው የለም። ብርሃኑ በእነሱ ውስጥ ተጣርቶ ይገባ ጀመር፤ ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ፣ ከሰዓት በኋላ ቢጫ። ከላይ የማቀዝቀዣው ድምፅ ሳያቋርጥ ያጉረመርማል። በዚያ ብርሃንና በዚያ ድምፅ ውስጥ ተኝቼ ይሁን ነቅቼ የማልለይባቸው ብዙ ሰዓታት አልፈዋል። ዛሬም ሳስታውሰው እስር ቤት ሳይሆን ውኃ ውስጥ የነበርኩ ይመስለኛል።

ጥፋታችሁ ሰው ማነሣሣት ነው ተባልን። ነገሩ እንዲህ ነው። በበጋው ሙቀት አንድ የአገራችን ልጅ ማሽኑ ሥር ወድቆ ሞተ። ተቆጣጣሪው ካርቶን አለበሰውና "ያላ፣ ሥራ!" አለ። ሬሳው አልተነሣም፣ ማሽኑም ጩኸቱን አላቆመም። ያኔ ከመሀላችን አንድ እጅ ተዘርግቶ ትልቁን ቀይ ማቆሚያ ተጫነው። ፋብሪካው ጸጥ አለ። ሁላችንም ካርቶኑን ከበን ወለሉ ላይ ተቀመጥን፤ ልጁ በክብር እስኪወሰድ ድረስ የተነሣ የለም። አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ ቪዲዮው አገር ላገር ዞረ። ፊት አይታይበትም። የሚታየው ቀዩ ማቆሚያና የተጫነው እጅ ብቻ ነው። የእጁ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ የተቆለመመች ናት።

የእጁን ባለቤት ሁላችንም እናውቃቸው ነበር። ጋሼ የምንላቸው የወሎ ሰው ናቸው፤ በዕድሜም በትዕግሥትም ከሁላችን የሚበልጡ። ከብዙ ዓመት በፊት የማሽን ክዳን ትንሿን ጣታቸውን ነክሷት፣ ሐኪም ሳያያት በራሷ ጊዜ ድና፣ እንደተቆለመመች ቀረች። ሻይ ሲይዙ አራቱ ጣቶች ብርጭቆውን ያቅፉታል፣ አምስተኛዋ ተጠቅልላ ትቀመጣለች። "እሷ ከእኔ ቀድማ ጡረታ ወጥታለች" ይሉን ነበር።

ማቆሚያውን የተጫነው ሰው ከታወቀ የሚጠብቀው ፍርድ ቤትና የዓመታት እስር ነው። የሌሎቻችን ዕጣ ተርሂል ነው፤ ወደ አገር ቤት መባረር። ጋሼ ደግሞ እናታቸው በሕይወት ነበሩ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ እርጅናውም ተጭኗቸዋል፤ በስልክ ሁልጊዜ "ድምፅህማ ደረሰኝ፣ አንተ ነህ የቀረኸው" ይሏቸዋል። ጋሼ ታሠሩ ማለት እናትና ልጅ በዚህ ዓለም አይገናኙም ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህም ስለ ጣት የሚያወራ አልነበረም።

በዚህ መሀል በሩ ተከፍቶ አንድ ወጣት አስገቡብን። ቶብ የሚሉትን የአረብ ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሷል፤ መልኩ የእኛው ነው፣ አረማመዱና አረብኛው ግን የሪያድ ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገው ዑረይጃ በሚባል የሪያድ ሰፈር ነው። እናቱ በልጅነቱ ሞተዋል። አባቱ ሾፌር ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ ከፊል የሚባለው ዋስ አሠሪያቸው የልጁን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ አላድስም አለ፤ ጊዜው ባለፈ መታወቂያ ኬላ ላይ ተያዘ። ኢትዮጵያን የሚያውቃት በካርታ ነው። አማርኛው ከአባቱ የሰማው ያህል ብቻ ስለሆነ አንቱታ የሚባል ነገር አልደረሰበትም፤ ጋሼንም እኔንም እኩል "አንተ" ይለናል። ጠባቂዎቹ አፉን ሰምተው ወዲያው አስተርጓሚ አደረጉት። ይጠሩታል፣ ይሄዳል፤ ከእነሱ ጋር ይስቃል፣ ይመለሳል። እሱ ሲመለስ ክፍሉ ዝም ይላል።

"ይኼ ልጅ የሌሊት ወፍ ነው" አሉ ጋሼ አንድ ቀን፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። "ወፎች ግብር ሲጠይቋት ጥርስ አለኝ፣ አይጥ ነኝ አለች። አይጦች ሲመጡባት ክንፍ አለኝ፣ ወፍ ነኝ አለች።"

ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ስለምን እንደሚሳቅ ሳያውቅ ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ኡስታዝ፣ የሌሊት ወፍ ምንድን ነው?" አለኝ። ኡስታዝ የሚለኝ ሌሎቹ መምህር ሲሉኝ ሰምቶ ነው። ወደ ስደት ከመውጣቴ በፊት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር።

"ለመግሪብ ሲጣራ አሳይሃለሁ" አልኩት።

ፀሐይ ስትጠልቅ የግቢው መብራት ይበራል። የእሳት እራቶች ይከቡታል፤ እነሱን የሚያድኑ የሌሊት ወፎችም ይመጣሉ። ከሸሚዞቹ አንዱን ገለጥ አድርጌ አሳየሁት። አንገቱን አቅንቶ ብዙ አየ።

"ኹፋሽ!" አለ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። "እኔ ኹፋሽ ነኝ? ወላሂ ይሄ አጎት እኔን ኹፋሽ አለኝ?"

አዘንኩለት። ያዘንኩ ጊዜ ደግሞ የማውቀው ነገር አንድ ነው፤ ማስተማር። እጁን ያዝኩና ወደ መብራቱ አነሣሁት። "ይህን እጅህን አስብ" አልኩት። "ከትከሻ እስከ ክርን አንድ አጥንት። ከክርን በታች ሁለት። አንጓህ ላይ ትንንሽ ጠጠሮች፣ ከዚያ አምስት ጣት። አሁን ጣቶቹን አስረዝማቸው፣ እንደ ጃንጥላ ሽቦ አድርጋቸው፣ በመሀላቸው ቆዳ ወጥርባቸው። ያቺ የምትበረው በእጇ ነው። ክንፏ እጅ ነው።"

ዞር ስል ክፍሉ ሁሉ እጁን እያየ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! ዓሣ ነባሪ መቅዘፊያው ውስጥ ያው አጥንት እንዳለ፣ የውሻ የፊት እግር ያው እንደሆነ ነገርኳቸው። ሥራቸው ለየቅል፣ ምንጫቸው አንድ፤ ከጥንት አያት የተወረሰ አንድ እጅ በየኑሮው ተለዋውጦ ነው። እኛ በትምህርቱ ሆሞሎገስ እንላቸዋለን።

"መምህር" አሉ ጋሼ፣ "ቀስ እያልክ ከዝንጀሮ መጣችሁ ልትለን እንዳይሆን?"

"ዝንጀሮውን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ ጋሼ።"

"እሷ የእሳት እራትስ?" አለ ልጁ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሣ። "እሷም ይበራል። የኹፋሽ እህት ነው?"

"አይደለችም። የእሷ ክንፍ አጥንት የለውም፤ ከገላዋ ልባስ የወጣ ስስ ነገር ነው። ዘራቸው አይገናኝም። ግን ሁለቱም አየር ላይ መዋል ነበረባቸውና ሁለቱም ክንፍ አወጡ። እንዲህ ያለውን አናሎገስ እንለዋለን። ችግሩ አንድ ሲሆን መልኩም ይመሳሰላል።"

ልጁ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ "ችግሩ አንድ ሲሆን" አለ። ጋሼ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና ከተደረደሩት ብርድ ልብሶች አንዱን አንሥተው ወረወሩለት። "እንካ፣ ይበርድሃል። ክንፍህን ሸፍን" አሉት። ከእሳቸው ይህ ይቅርታ ነበር።

በማግስቱ እኔን ጠሩኝ፤ ልጁም ለማስተርጎም አብሮኝ ገባ። መርማሪው ድምፁ ዝቅ ያለ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። አልጮኸብኝም፣ አልነካኝም፤ ሻይም አቀረበልኝ። ከቪዲዮው የወጣውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በልጁ በኩል "አንተ የሰው ገላ ታስተምር ነበር አሉ። ይህ እጅ የማን ነው?" አለኝ።

አየሁት። ጋሼን ከነሻይ ብርጭቆአቸው ያየሁ መሰለኝ። "በፎቶ ብቻ እጅ አይለይም" አልኩ። "አንድ አጥንት፣ ሁለት አጥንት፣ አምስት ጣት። የሰው ሁሉ እጅ እንዲህ ነው።"

መዋሸቴን ልጁ ያውቃል። ከጋሼ ጋር ከአንድ ሳህን ነው የሚበላው። ወደ እኔ ሳያይ፣ ቃል በቃል ተረጎመው። መርማሪው አንገቱን ነቀነቀና አሁን ለልጁ በአረብኛ ተናገረ። ቀስ ብሎ ስለተናገረ ገባኝ። "አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ። ከእነሱ ጋር ምን አለህ? ነገ የሁሉንም እጅ አያለሁ። ብትረዳኝ የኢቃማህን ነገር እኔ ራሴ አይልሃለሁ።" ልጁ "ኢንሻአላህ" አለ። ኢንሻአላህ እሺም ነው፣ እምቢም ነው። የቱ እንደሆነ ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም፤ እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁት።

ወደ ክፍሉ ተመልሼ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ልጁ እዚያው እየሰማ። ጋሼ ብድግ አሉ።

"አብሽሩ። ነገ እኔ ነኝ እላለሁ፣ አለቀ። አንድ ሰው ይበቃል።"

"እናትዎስ?" አለ አንድ የጎንደር ልጅ።

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ያልተኙ መሆናቸውን ትከሻቸው ይናገር ነበር።

ምሳ መጣ፤ የነካው የለም። የቢጫው ብርሃን ሰዓት ደረሰ። እኔም ሳላስበው አሸለብኩ። በሕልሜ ክፍሉ ውኃ ሞልቶት ሸሚዞቹ እንደ ዓሣ ይዋኛሉ፤ እጆቻችን እየሰፉ፣ እየሳሱ፣ መቅዘፊያ ሆነው ያለ ድምፅ እንንሳፈፋለን። ጋሼ ከፊት ናቸው፤ የሚቀዝፉት ግን በዚያች ጣት ነው። ዓይኔን ስገልጥ ሕልሙ ያለቀ አልመሰለኝም፤ እጆቹ አሁንም በብርሃኑ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ።

የጎንደሩ ልጅ መዳፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ትንሿን ጣቱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ያጥፋል። ከጎኑ ያለውም እንደዚያው። እስከ በሩ ድረስ፣ ሁሉም። ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሚናገር አልነበረም። ትንሽ ጣት ደግሞ ብቻዋን አትታጠፍም፤ ጎረቤቷን ትጎትታለች። አንዱ ቀለበት ጣቱን በሌላ እጁ እየያዘ ይለማመዳል፣ ሌላው ጥርሱን ነክሷል። ዓይኔ ወደ ልጁ ሄደ። ግድግዳውን ተደግፎ እጆቹን ቶቡ ውስጥ ደብቋል። ሁላችንንም ያያል፤ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም።

ጋሼ ከግድግዳው ዞሩ። አዩን። "ምን እየሆናችሁ ነው?" አሉ።

"ችግሩ አንድ ነው ጋሼ" አልኳቸው። ሌላ የምለው አልመጣልኝም። እሳቸውም ሌላ አልጠየቁም፤ በዚያች በተጣመመች ጣታቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ጠዋት በኮሪደሩ ላይ አሰለፉን። ጠረጴዛው ላይ ፎቶው አለ፤ መርማሪው ከኋላው፣ ልጁ ከጎኑ። የመጀመሪያው ሰው እጁን አሳረፈ፤ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ ገብታለች። መርማሪው ፎቶውን አየ፣ እጁን አየ፣ "ቀጥል" አለ። ሁለተኛው መጣ፤ እንደዚያው። እኔም ደረሰኝ፤ ጣቴን አጥፌ እጄን አሳረፍኩ። ጋሼ ከእኔ በኋላ መጡና እጃቸውን እንደ ማንም አሳረፉ። መርማሪው በእሳቸው ላይ ከሌላው አልቆየም። ሰልፉ ሲያልቅ ግን መነጽሩን አወለቀና ወደ ልጁ ዞረ።

"ከእነሱ ጋር ነው የምታድረው። ትላንት ጣታቸው እንዲህ ነበር?"

ከልጁ አፍ የሚወጣው አንድ ቃል የጋሼን ዕድሜ ይወስናል፤ የእሱንም። ዑረይጃ፣ ትምህርቱ፣ ጓደኞቹ፣ የእናት የአባቱ መቃብር፣ የሚያውቀው ዓለም ሁሉ ያለው በዚያ ቃል ማዶ ነው።

ልጁ ቀኝ እጁን ከቶቡ አወጣና ከፎቶው ጎን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። ትንሿ ጣቱ ከሁላችን ይልቅ የጋሼን መስላ ተቆልምማ ነበር። ለካስ እሱም ቶቡ ውስጥ ሲለማመድ ነው የዋለው!

"እኛ እንዲህ ነን" አለ በአረብኛ። "የዘር ነው። ስንወለድም እንዲህ ነን።"

መርማሪው እጁን ብዙ አየው። "አንተ የተወለድከው እዚህ ነው" አለ፣ ዝግ ብሎ፣ የቁጣ ሳይሆን የምክር በሚመስል ድምፅ።

"ዘሬ ከእነሱ ነው።"

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ያ ልጅ ስለ እኛ ሲያወራ "እነሱ" ይል ነበር፤ ስለ ሪያድ ልጆችም "እነሱ" ይል ነበር። "እኛ" ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። መርማሪው መነጽሩን መልሶ አደረገ፤ ፎቶውን ገለበጠው። ያመነን አይመስለኝም። ሠላሳ ሰው ሲዋሽህ ግን ውሸቱን ከየት ትጀምረዋለህ? "ኸላስ" አለ ለጠባቂው። "ሁሉም ተርሂል።" ልጁን በጣቱ እየጠቆመ ጨመረ፤ "እሱም።"

ወደ ክፍሉ ስንመለስ ጋሼ ልጁን አጠገባቸው አስቀመጡት። "አገርህ ማን አለህ?" አሉት።

"ማንም።"

"እንግዲያ እኔ ጋ ነሃ!" አሉ፣ ድሮ የተወሰነ ነገር የሚያስታውሱት እየመሰሉ። ልጁ ጣቱን ዘርግቶ ሊያሳርፋት ሞከረ፤ ደንዝዛ እምቢ አለችው። ሁለቱም ሳቁ።

አሁን ወደ ድሮው ሥራዬ ተመልሻለሁ። በየዓመቱ ያ ምዕራፍ ሲደርስ ተማሪዎቼን እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ እላለሁ። ሆሞሎገስ ይህ ነው፣ አናሎገስ ይህ ነው እያልኩ እጽፋለሁ፤ ለፈተና የሚሆነውን ሁሉ አስተምራለሁ። ያንን ኮሪደር ግን ነግሬያቸው አላውቅም። አንዳንዴ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ስቆም ቢጫው ብርሃን በክፍሉ መስኮት የገባ ይመስለኝና የምጽፈው ይጠፋብኛል።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለውን የጋሼን ቀዬ ለማየት ሄድኩ። ልጁ ደሴ ስልክ ይጠግናል፤ አዳሩ ግን ጋሼ ዘንድ ነው። አማርኛው አሁን የወሎ ነው፤ አንቱ ማለትም ለምዷል፣ እንዲያውም አብዝቶታል፣ በጉንም አንቱ ይላል እያሉ ያሾፉበታል። ሻይ ሲጠጣ አራት ጣቱ ብርጭቆውን ይይዛል፣ አምስተኛዋ ተጠቅልላ ትቀመጣለች። ያኔ ለምዳው እንደሆነ ወይ ለጋሼ ካለው ፍቅር እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

የጋሼ እናት መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ ጣታቸውን ማሽን እንደነከሳት አልነገሯቸውም፤ እናት እንዲህ ያለ ነገር አይነገራትም። እጄን ዳበሱ፣ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁ። ከዚያ የልጁን እጅ ፈልገው ያዙና ትንሿን ጣቱን በጣቶቻቸው መሀል አገላበጧት።

"ይኼ ልጄ ደብቆ የወለደውን 'ወዳጄ ነው' እያለ ያታልለኛል" አሉኝ። "ዓይኔ ቢጠፋ እጄ ጠፋ እንዴ! ይቺ ጣት የእሱ ናት። አያቱም እንዲህ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፤ በቤታችን የተለመደ ነው።"

ጋሼ ወደ ደጅ አዩ። ልጁ አንገቱን ደፋ። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

"አንተ ስለ ገላ የምታስተምር ነህ አሉ። እስቲ ንገረኝ፤ የዘር አይደለም?"

የዘር እንዳልሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንደኛዋን ማሽን እንዳጣመማት፣ ሁለተኛዋ በቶብ ውስጥ እንደተለማመደች አውቃለሁ። ልዩነቱን ለማስተማር ደመወዝ ይከፈለኛል።

"የዘር ነው እማማ" አልኩ።